ጭስ ማውጫው ሚናራ ነው? በግል ሕንፃ ላይ የሚቆም የእምነት መልክ ያለው ግንባታና የጎረቤት ተቃውሞ

ማገር
ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ስለ ስዊዘርላንድ ነው፤ ዓመታቱን በሙሉ እ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው።

ኖቬምበር 29 ቀን 2009 ሕዝቡ ሚናራ (የመስጊድ ማማ) መሥራትን በድምፁ ከለከለ። በማግስቱ ወር ሎዛን አጠገብ ቡሲኒ በምትባል ቦታ የጫማ መደብሮች ያሉት ነጋዴ የድርጅቱን ጭስ ማውጫ አስረዝሞ የሚናራ መልክ ሰጠው። ሰውየው ሙስሊም አይደለም፣ ሕንፃውም መስጊድ አይደለም። የድምፁን ውጤት ለመቃወም ነው ያቆመው።

እኔን የሚያሳስበኝ የሕንፃ ሕጉ ነው። ክልከላው የሚያየው ቅርጹን ነው፣ አገልግሎቱን ነው ወይስ የባለቤቱን ሐሳብ? ጎረቤት ልቃወም ቢል በየትኛው በር ይገባል? ቀጭን ማማ ነባር ጣሪያ ላይ ሲተከልስ ምን ይበላሻል? ሕጉን የምታውቁ፣ ግንባታውን የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልኝ።

ወሰንተኛ
ከጽሑፉ ልጀምር። የገባው የፌደራል ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 72 ንዑስ አንቀጽ 3 ሆኖ ነው። ጠቅላላው አንድ ዓረፍተ ነገር ሲሆን ሚናራ መሥራት የተከለከለ ነው ይላል። ከዚያ ወዲያ ትርጓሜ የለም፣ ቁመት የለም፣ ቅጣት የለም፣ ማስፈጸሚያ አዋጅም አልተከተለውም። ስለዚህ አንድ ማማ ሚናራ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን በመጀመሪያ የሚወስነው የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው የማዘጋጃ ቤት ክፍል ነው። ቅር ያለው ወደ ካንቶኑ (ስዊዘርላንድ የተዋቀረችባቸው ክልሎች ካንቶን ይባላሉ)፣ ከካንቶኑ ፍርድ ቤት ደግሞ እስከ ፌደራል ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ሐሳቡ ወደ ድምፅ የመጣው በሕዝብ ተነሳሽነት መንገድ ነው፤ በ18 ወር ውስጥ 100,000 ፊርማ ይጠይቃል፣ እነሱ ከ113,000 በላይ አስገቡ። መንግሥትም ፓርላማውም ሕዝቡ እንዳይቀበለው መክረው ነበር። ሆኖም ከመራጩ 57.5 በመቶው ተቀበለው። ሕገ መንግሥት ለመለወጥ የካንቶኖችም አብላጫ ያስፈልጋል፣ እሱም ተገኘ። አልቀበልም ያሉት ጄኔቫ፣ ቮ፣ ኑሻቴልና ባዝል ከተማ ብቻ ናቸው። ቡሲኒ የምትገኘው እዚያው ቮ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ ሦስት ንባብ አለ። አንደኛው ቅርጹን ያያል፦ ቀጭን ማማ፣ ሰገነት፣ ጫፉ ላይ ጨረቃ ካለው ሚናራ ነው፣ የማንም ይሁን። ሁለተኛው ከመስጊድ ጋር ያለውን ግንኙነት ያያል፤ የአምልኮ ቤት አካል ካልሆነ ጌጥ ነው ይላል። ሦስተኛው ሐሳቡን ያያል። እኔ ሁለተኛውን እቀበላለሁ። ድንጋጌው የተቀመጠው መንግሥትና ሃይማኖትን በሚመለከተው አንቀጽ 72 ሥር እንጂ በሕንፃ ደንብ ውስጥ አይደለም። ከሃይማኖት ማኅበር ጋር ግንኙነት የሌለውን የጫማ መጋዘን ጭስ ማውጫ እዚያ ሥር ማስገባት ቃሉን ከቦታው ማውጣት ይመስለኛል። ሦስተኛው ንባብ ከሁሉም የከፋ ነው፤ የፈቃድ ሠራተኛ የሚያየው ፕላን እንጂ የሰው ልብ አይደለም።

የድሬስደን ካርታ
ወሰንተኛ ቅርጽና አገልግሎት ያልከውን ታሪኩ ያግዝሃል። ጭስ ማውጫን ሚናራ ማድረግ ቡሲኒ ላይ የተጀመረ ነገር አይደለም።

ፖትስዳም ውስጥ ከ1841 እስከ 1843 ሉድቪግ ፔርሲየስ ለፕሩሲያው ንጉሥ የሠራው የእንፋሎት ሞተር ቤት አለ። ሥራው ከሃፌል ወንዝ ውሃ እየሳበ ለሳንሱሲ ቤተ መንግሥት ፏፏቴዎች ወደ ኮረብታው ማጠራቀሚያ መግፋት ነበር። የቦርሲግ ፋብሪካ ሞተር 80 ያህል የፈረስ ጉልበት ነበረው። ባለ ጉልላት ሕንፃ ነው፤ ሚናራ የሚመስለው የሞተሩ ጭስ ማውጫ ነው። የከተማው ሰው መስጊድ ብሎ ይጠራዋል፤ ሰግዶበት የሚያውቅ ግን የለም።

ከዚያ የኒድዜ አለ፣ ድሬስደን፣ የሲጋራ ፋብሪካ። በ1909 ተጠናቀቀ፣ ንድፉ የማርቲን ሃሚችሽ ነው። የከተማው ደንብ ከአሮጌው መሐል ከተማ አጠገብ ፋብሪካ መሆኑ የሚያስታውቅ ሕንፃ እንዲቆም አይፈቅድም ነበር። ባለቤቱ ትምባሆውን የሚያስመጣው ከዚያ ዘመን የኦቶማን ግዛት ነበርና ሕንፃውን በዚያው አገር መልክ አሠራው፦ የመስታወት ጉልላት፣ ሚናራ የሚመስል ጭስ ማውጫ፣ 62 ሜትር ቁመት፣ ባለ ቀለም ድንጋይ ፊት። ውስጡ በጀርመን ከመጀመሪያዎቹ የአርማታ አጽም ሕንፃዎች አንዱ ነው። በጊዜው ብዙ ተቃውሞ ተነሣበት፣ ንድፍ አውጪውም ተወቀሰበት። ዛሬ ቢሮ ሆኖ የከተማዋ መለያ ነው።

ለጥያቄህ በጣም የሚቀርበው ግን ስዊዘርላንድ ውስጥ ያለው ነው። ቸኮሌት ሠሪው ፊሊፕ ሱሻር ምሥራቁን ጎብኝቶ ሲመለስ በ1860ዎቹ ኑሻቴል ውስጥ ሴሪየር በሚገኘው መኖሪያ ቤቱ አናት ላይ ሚናራ አሠራ። የግል ቤት፣ ክርስቲያን ባለቤት፣ ለጌጥ ብቻ። እስካሁን አለ። እንደ ቅርጽ ንባብ ከሆነ የአገሪቱ የግል ሚናራ ይህ ነው፤ ሆኖም በ2009 ስለ ሚናራዎች ሲቆጠር የተቆጠሩት አራት ብቻ ነበሩ፦ ዙሪክ (1963፣ 18 ሜትር)፣ ጄኔቫ (1978)፣ ቪንተርቱርና ኦልተን አጠገብ ያለችው ቫንገን። ሱሻርን ማንም አልቆጠረውም። ሰዉ ራሱ በቃሉ የሚለየው ቅርጹን አይደለም ማለት ነው።

ደጀን
ሁለታችሁም ያላችሁት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የጎረቤቱን ነገር ግን አቀለላችሁት። የእምነት ምልክት ጌጥ አይደለም። ሰው ጉልላትና መስቀል ሲያይ ቤተ ክርስቲያን ነው ብሎ ይሳለማል፣ ሚናራ ሲያይ የጸሎት ቦታ ነው ይላል። ያንን ወስዶ የጫማ መጋዘን ላይ ወይም ሆቴል ላይ መትከል ሁለቱንም ወገን ይጎዳል፤ አማኙ ምልክቱ ረከሰ ይላል፣ ሌላው ደግሞ ምን ሊመጣ ነው ብሎ ይሰጋል። ጎረቤት ቅሬታ ሲያቀርብ ጥላቻ ነው ብሎ መዝጋት ደግ አይደለም። ጥያቄዬ፦ ይህ ስሜት በስዊስ የሕንፃ ሕግ ውስጥ ቦታ አለው ወይ?

ወሰንተኛ
ደጀን፣ ቦታ አለው፤ ጠባብ ነው እንጂ። የፍትሐ ብሔር ሕጋቸው አንቀጽ 684 ባለቤት ከመሬቱ ወደ ጎረቤት የሚያሳልፈውን ከመጠን ያለፈ ጉዳት ይከለክላል፤ ጭስ፣ ሽታ፣ ድምፅ፣ ንዝረት። ፍርድ ቤቶች ደግሞ በእጅ የማይዳሰስ ጉዳት የሚሉትን ጨምረዋል፤ አእምሮን የሚረብሽ ማለት ነው። ሲነሣ የሚታየው ለምሳሌ በመኖሪያ ሠፈር የዝሙት ቤት ሲከፈት ነው። መለኪያው የአንድ ሰው ቅሬታ ሳይሆን መካከለኛ ሰው በዚያ ቦታ ቢኖር ምን ይሰማዋል የሚለው ነው። ምልክት ማየት ብቻውን በዚህ መለኪያ ማለፍ በጣም ይከብደዋል፤ ምክንያቱም የእምነት ነፃነትን የሚጠብቀው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 15 ከፊቱ ቆሟል።

ሌላው በር የውበት አንቀጽ ነው። የካንቶን ሕንፃ ሕጎች አዲስ ሥራ ከአካባቢው ጋር እንዲጣጣም ይጠይቃሉ። ይህ ግን ስለ ቁመት፣ ስለ ጣሪያ ቅርጽ፣ ስለ ቀለምና ማቴሪያል ነው። «እዚህ ሠፈር ውስጥ ከጣሪያ መስመር 6 ሜትር የሚወጣ ነገር የለም» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ «የእነሱ እምነት ነው» ብሎ መጻፍ አይረዳም። ስለዚህ የሚያሳስብህን ነገር በሜትር፣ በዲሲቤልና በመኪና ቁጥር መጻፍ ካልቻልክ ማመልከቻህ ሊወድቅ ነው።

ቀነ ገደብ
የሥነ ሥርዓቱን ልጨምር፣ ሰው የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

በስዊዘርላንድ ጀርመንኛ ተናጋሪ ካንቶኖች አመልካቹ ፕላኑን ብቻ አያስገባም። ሊሠራ ያሰበውን ልክ በቦታው ላይ በእንጨት ወይም በብረት ምሰሶ ያሳያል። ለቤት በየማዕዘኑ ምሰሶ ይቆምና ጫፉ ላይ የጣሪያውን ዘንበል የሚያሳይ ጣውላ ይመታል፤ ለማማ አንድ ምሰሶ እስከ ሙሉ ቁመቱ ይበቃል። ከዚያ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ፕላኑም ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ለማንም ክፍት ይሆናል።

ቀኑ በየካንቶኑ ይለያያል። ሶሎቱርን 14 ቀን ነው፣ በርን 30 ቀን፣ ቮ 30 ቀን። ዙሪክ 20 ቀን ሆኖ የተለየ ነገር አለው፤ እዚያ በ20 ቀኑ ውስጥ የምታስገባው ተቃውሞ ሳይሆን «ውሳኔው ሲሰጥ ይድረሰኝ» የሚል የጽሑፍ ጥያቄ ነው። ውሳኔው ከደረሰህ በኋላ በ30 ቀን ይግባኝ ትላለህ። ያንን ወረቀት ያላስገባ ጎረቤት የቱንም ያህል እውነት ቢኖረው መብቱ አልፎበታል።

ማን ይቃወማል? ማንም አይደለም። በቦታው የሚነካ ሰው መሆን አለበት፤ በፍርድ ቤቶቹ ልማድ ከቦታው እስከ 100 ሜትር ገደማ ያለ ጎረቤት አብዛኛውን ጊዜ ይቀበሉታል። ከሌላ ከተማ የተሰበሰበ ሺህ ፊርማ ፖለቲካ ላይ ይሠራል፣ እዚህ ግን አንድ የአጥር ጎረቤትን አያህልም።

አመልካቾች ደግሞ የሚሳሳቱት ምሰሶው ላይ ነው። ጫፍ ላይ የሚመጣውን ጌጥ ሳይቆጥሩ አሳጥረው ያቆማሉ። ጎረቤቱ ሜትር ይዞ መጥቶ ከፕላኑ ጋር ካልገጠመ ማስታወቂያው እንደገና ሊወጣ ይችላል፤ ቀኑም ከዜሮ ይቆጠራል። ጨረቃውም፣ መስቀሉም፣ የመብረቅ መከላከያ ዘንጉም ቁመት ውስጥ ገብቶ ቢለካ ይሻላል።

ማገር
ቀነ ገደብ፣ እግዜር ይስጥህ፤ የዙሪኩን አላውቀውም ነበር። ከቫንገን ምን እንማራለን? ተቃውሞው ሁሉ የተነሣው ከዚያ ስለሆነ።

ወሰንተኛ
ቫንገን ሶሎቱርን ውስጥ ናት። የቱርክ የባህል ማኅበር በ2005 በራሱ ማዕከል ጣሪያ ላይ 6 ሜትር ሚናራ ለማቆም አመለከተ። የአካባቢው ሕንፃ ኮሚሽን ከለከለ። በ2006 የካንቶኑ የግንባታና ፍትሕ መሥሪያ ቤት ክልከላውን ሻረ፤ የካንቶኑ አስተዳደር ፍርድ ቤትም አጸናው። ጎረቤቶች ወደ ፌደራል ፍርድ ቤት ወሰዱት፣ በ2007 ተሸነፉ። ሚናራው በ2009 ቆመ፣ ከሕዝበ ውሳኔው በፊት።

ስድስት ሜትር ማለት ሁለት ፎቅ ያህል ነው። ድምፅ ማጉያ የለውም፣ አዛን አይወጣበትም፤ የሚታይ ምልክት ብቻ ነው። ስለዚህ ድምፅ የሚለው ክርክር መያዣ አልነበረውም። ከፍርድ ቤት በር የተመለሰው ስሜት ሌላ መንገድ አገኘና ሕገ መንግሥቱ ላይ ደረሰ። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ አንድ የሠፈር ጉዳይ ሠፈር ውስጥ በቁመትና በመኪና ማቆሚያ ሊያልቅ ሲችል አገር አቀፍ ክልከላ ሆኖ ቀረ። ክልከላው ወደ ኋላ አይሠራም፤ አራቱ እንደቆሙ ናቸው።

ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም ሁለት አቤቱታ ቀርቦ ጁን 28 ቀን 2011 አልተቀበለውም። ምክንያቱ ይታወስ፦ አመልካቾቹ ሚናራ ሊሠሩ አመልክተው የተከለከሉ ሰዎች ስላልነበሩ፣ በቀጥታ የተጎዱ ናቸው አልተባለም። ክልከላው ከአውሮፓ የሰብአዊ መብት ስምምነት ጋር ይስማማል ብሎ አልወሰነም። ወደፊት ፈቃድ ጠይቆ የተከለከለ ሰው ይህንን ጥያቄ እንደ አዲስ ይዞ ሊቀርብ ይችላል።

ቱንቢ
እስካሁን ሁሉም ስለ ወረቀት ነው፤ እኔ ስለ ብረቱ ልናገር።

6 ሜትር ቁመት፣ 1 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ማማ ከ2 ሚሊ ላሜራ ቢሠራ ላሜራው ብቻ 300 ኪሎ ገደማ ነው። ሰው ክብደቱን ይፈራል፤ የሚያስፈራው ግን ነፋሱ ነው። የስዊዝ ሜዳማ ክፍል የነፋስ ግፊት 0.9 ኪሎኒውተን (አንዱ ኪሎኒውተን የ100 ኪሎ ክብደት ያህል ጉልበት ነው) በካሬ ሜትር ተይዞ፣ የክብ ቅርጽ ማባዣው 0.8 ቢሆን፣ 6 × 1 × 0.9 × 0.8 ወደ 4.3 ኪሎኒውተን ይመጣል። የሚገፋው መሐሉ ላይ፣ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ እግሩ ላይ 13 ኪሎኒውተን ሜትር የመገልበጥ ጉልበት ይሆናል። የራሱ 300 ኪሎ ክብደት የሚመልሰው 1 ያህሉን ብቻ ነው። ስለዚህ በክብደቱ ይቆማል ማለት አይቻልም፣ መታሰር አለበት።

በ1.5 የደህንነት ማባዣ፣ በ70 ሳንቲ ርቀት በተቀመጡ አራት ብሎኖች፣ በነፋስ በኩል ያሉት ሁለቱ እያንዳንዳቸው ወደ 14 ኪሎኒውተን ይሳባሉ። ባለ 20 ሚሊ ብሎን ይህን ብዙ እጥፍ ይችላል። የሚለቀው ብሎኑ አይደለም፣ ብሎኑ የተያዘበት ነው። መጋዘን ጣሪያ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ቀጭን ቆርቆሮ፣ ከላዩ የሙቀት መከላከያና የውሃ ሽፋን ነው። እዚያ ላይ ፕሌት አስቀምጦ ማሰር ጣሪያውን መቅደድ ነው። ከሥር ባለው የብረት ወራጅ ወይም የአርማታ ግንብ ላይ መድረስ አለበት። ወራጆቹ የተራራቁ ከሆነ በሁለቱ መካከል ተሻጋሪ ብረት ይገባል።

ሁለተኛው ችግር መንቀጥቀጥ ነው። ክብና ቀጭን ነገር በመካከለኛ ነፋስ ከነፋሱ አቅጣጫ ጎን ለጎን ይወዛወዛል። ማማው በሴኮንድ 3 ጊዜ የሚወዛወዝ ተፈጥሮ ካለው፣ 3 × 1 ለ0.2 ሲካፈል በሴኮንድ 15 ሜትር ነፋስ ላይ ይጀምራል፤ ይህ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ነው፣ በዓመት ደጋግሞ የሚነፍስ። ማዕበል አያስፈልገውም። ብየዳው ቀስ በቀስ በድካም ይሰነጠቃል። የፋብሪካ ጭስ ማውጫዎች ላይ ጠመዝማዛ ክንፍ የምታዩት ለዚህ ነው፤ የሚናራ ሰገነትና ባለ ብዙ ገጽ ቅርጽም በተወሰነ ደረጃ ይረዳል።

ሦስተኛው ውሃ ነው። እግሩ ሽፋኑን ወግቶ ስለሚገባ ዙሪያው ቢያንስ 15 ሳንቲ ወደ ላይ በታጠፈ ሽፋን ይጠቀለል። ብረቱ ቅዝቃዜ ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ ኮርኒሱ ላይ ጤዛ ይቋጠራል፤ ባለቤቱ ጣሪያው አፈሰሰ ብሎ ሽፋኑን ሁለት ጊዜ ያስቀይራል፣ ችግሩ ግን መሐሉ ላይ ቅዝቃዜ የሚያግድ ፕሌት አለመግባቱ ነው። የምር ጭስ የሚወጣበት ከሆነ ደግሞ ጉልላቱ አፉን እንዳይዘጋ፤ ቱቦው ከጌጡ በላይ ወጥቶ ይጨርስ። ጭስ ጉልላት ውስጥ ከታፈነ ቀዝቅዞ ውሃ ይሆንና ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል።

ማኅደር
ቱንቢ ያልከውን ሁሉ ገለበጥኩት፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነው። አንድ ጥያቄ ልጨምር። በስዊዘርላንድና በጀርመን ብዙ የኛ አጥቢያዎች ከካቶሊክ ወይም ከፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሰዓት ተከራይተው ይቀድሳሉ። የራሳቸውን አዳራሽ ወይም መጋዘን መግዛት የሚያስቡም አሉ። ጉልላትና መስቀል ቢያወጡ ክልከላው ይነካቸዋል?

ወሰንተኛ
እህቴ፣ አይነካም። ቃሉ ሚናራ ብቻ ነው፤ ጉልላትም መስቀልም ደወልም አልተጠቀሱም። ግን ጉልላቱን ከማሰብ በፊት ሌላ ፈቃድ አለ። መጋዘን ወደ ጸሎት ቤት ሲቀየር አንድ ግድግዳ ሳይነካም የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ ይጠይቃል። ቦታው ለኢንዱስትሪ ብቻ የተመደበ ከሆነ እዚያው ይቆማል፤ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት የመሬት አጠቃቀም ካርታውን ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ተመልከቱ። ከገዙ በኋላ ማወቅ ትልቅ ኪሣራ ነው።

ቀነ ገደብ
ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው የእሳት ደንብ ነው። በ2015ቱ የስዊዝ ደንብ አንድ ክፍል እስከ 50 ሰው ከያዘ 90 ሳንቲ ስፋት ያለው አንድ መውጫ ይበቃዋል። እስከ 100 ሰው ሁለት ባለ 90 ሳንቲ፣ እስከ 200 ሰው ሦስት ባለ 90 ሳንቲ ወይም አንድ ባለ 90ና አንድ ባለ 120 ሳንቲ። ከ200 በላይ ከሆነ እያንዳንዱ መውጫ ከ120 ሳንቲ አያንስም። ደንቡ እየታደሰ ስለሆነ ስታመለክቱ በሥራ ላይ ያለውን ጠይቁ። የሰዉን ቁጥር ስትጽፉ በአዘቦት እሑድ የሚመጣውን አትጻፉ፤ የትንሣኤን ሌሊት ጻፉ። ፈቃዱ ለ80 ሰው ሆኖ 300 ሰው ሲገኝ ጎረቤቱ ያኔ እውነተኛ መከራከሪያ አገኘ።

መኪናም እንደዚያው ነው። ጎረቤት በሌሊት ቅዳሴ የሚሰማው የመኪና በር ነው፤ ከማመልከቻው ጋር መኪና የት እንደሚቆም የሚያሳይ ፕላን ቢያያዝ ግማሹ ተቃውሞ አይመጣም።

ደጀን
ደወሉስ?

ቀነ ገደብ
ደወል በድምፅ መከላከያ ሕግ ሥር ነው፣ የቆየ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቢሆን። ዙሪክ ካንቶን ቬደንስቪል ውስጥ ጎረቤቶች በሌሊት በየሩብ ሰዓቱ የሚደወለው ይቁም ብለው በካንቶኑ ፍርድ ቤት አሸንፈው ነበር፤ ፌደራል ፍርድ ቤቱ በ2017 መጨረሻ ሻረውና ደወሉ ቀጠለ። እዚያ ግን ዘመናት የቆየ ልማድ ነበር። አዲስ የሚገባ ማኅበር ያንን ልማድ መጥቀስ አይችልም። በሌሊት ላለመደወል አስቀድሞ በማመልከቻው ላይ ቢጽፍ ያ ጽሑፍ የፈቃዱ ግዴታ ይሆናል፤ ጎረቤቱም የሚይዘው ወረቀት ይኖረዋል።

ደጀን
ይህ እኔ የምፈልገው ነው። ቅሬታዬ በጽሑፍ የሚያዝ ነገር ካገኘ ቅርጹ ላይ አልከራከርም። የጫማ መጋዘኑን ግን አሁንም አልቀበለውም።

ቱንቢ
ማኅደር፣ ጉልላት ካሰባችሁ ከመስታወት ፋይበር የተሠራውን ጠይቁ። 3 ሜትር ስፋት ያለው ግማሽ ክብ 14 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ በ5 ሚሊ ውፍረት ከ120 ኪሎ ብዙም አይበልጥም፣ በክሬን በግማሽ ቀን ይቀመጣል። መስቀሉን ግን ፋይበሩ ላይ አትትከሉት። ዘንጉ ጉልላቱን ሰንጥቆ ወርዶ ከሥር ካለው ብረት ጋር ይበየድ፤ የመብረቅ መሬት ሽቦውም ከዚያው ዘንግ ይነሣ።